ጥሬ ገንዘብ ይቅር ወይስ ይቆይ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ገንዘብ ከኪስ ወጥቶ ወደ ስልክ ስለ መግባቱ። አንዱ «ካሽ ለምን ጨርሶ አይቀርም?» ይላል። ሌላው በስልክ የከፈለው ገንዘብ የት እንደ ገባ ጠፍቶበታል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን፣ ሰፊ መልስ የሚሹትን አስፍተን አቅርበናል።

ከተማሪዎቼ ጋር ክርክር ገጥመናል። እኔ ጥሬ ገንዘብ ከነጭራሹ ቢቀር ሌብነትም ግብር ስወራም ይቀንሳል እላለሁ። እነሱ «ኔትወርክ በጠፋ ቀን ምን ልንበላ ነው?» ይሉኛል። ማን ነው ልክ?
*መምህር፣ ከባሕር ዳር*

ተማሪዎችዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ። የእርስዎም ሐሳብ ግን መሠረት አለው። ጥሬ ገንዘብ የማይታይ ወጪ ያስወጣል፤ ይታተማል፣ በጥበቃ ይጓጓዛል፣ ይቆጠራል፣ ሲያረጅ ተሰብስቦ ይወገዳል። ነጋዴው ማታ ማታ የተቀደደውን ከደህናው፣ አስሩን ከሃምሳው ሲለይ የሚያባክነው ሰዓት አለ። ታክሲ ውስጥ «ዝርዝር የለም» እየተባለ የሚቀረው መልስ በወር ሲደመር ቀላል አይደለም። ገጠር ላሉ ወላጆች ብር ለመላክ መንገደኛ ይጠበቅ የነበረውን ጊዜ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ አሳጥረውታል። መሄድ ያለብንም በዚሁ አቅጣጫ ነው ብለን እናምናለን።

የማንስማማው «ከነጭራሹ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

ሌብነቱን እናስቀድም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 በአንድ ምሽት 500 እና 1,000 ሩፒ ኖቶች ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ አይሠሩም ብላ አወጀች። በሕዝቡ እጅ ከነበረው ጥሬ ገንዘብ በዋጋ 86 በመቶው በእነዚህ ሁለት ኖቶች የተያዘ ነበር። የታሰበው፣ በሕገ ወጥ መንገድ ያከማቹ ሰዎች ወደ ባንክ ለመምጣት ስለሚፈሩ ገንዘቡ በጓዳቸው ይቀራል ተብሎ ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በ2018 ሲያስታውቅ ግን 99.3 በመቶው ተመልሷል። ትልቅ የተሰወረ ሀብት በአብዛኛው በመሬት፣ በቤትና በወርቅ እንጂ በማዳበሪያ ከረጢት አይቀመጥም። ባንክ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ የዋለው የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ የሚያገኘው ሰው ነው። ናይጄሪያም በ2023 መጀመሪያ ኖቶቿን ስትቀይር አዲሱ ብር በበቂ መጠን አልደረሰም፤ የባንክ መተግበሪያዎችም ድንገት የመጣባቸውን ጫና መሸከም አቃታቸው። በመጨረሻ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሮጌው ኖት እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲሠራ ወሰነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ።

(የእኛን የመስከረም 2013 ዓ.ም. ለውጥ ከዚህ ጋር የሚያምታቱ አሉ። በዚያን ጊዜ 10፣ 50 እና 100 ብር በአዲስ ተተኩ፣ 200 ብር ተጨመረ፣ ሦስት ወርም ተሰጠ። የኖት ለውጥ ነበር እንጂ ጥሬ ገንዘብን የማስቀረት እርምጃ አልነበረም።)

ከጥሬ ገንዘብ በመራቅ ብዙ የተጓዘችው ስዊድን ናት። እ.ኤ.አ. በ1661 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የወረቀት ገንዘብ ያወጣችውም እሷው ናት። ስዊሽ የተባለው የስልክ መክፈያ በ2012 ከመጣ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ሱቅ በየመንገዱ ሞልቷል። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት ባንክአይዲ የተባለው የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ የሌለው አዲስ መጤ ስዊሽ መክፈት ስለማይችል እዚህ ግባ የማይባል ዕቃ ለመግዛት እንኳ ይቸገራል። ታዲያ ስዊድን ይህን ያህል ከሄደች በኋላ ምን አደረገች? በ2020 መጀመሪያ ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ትልልቆቹ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ የማውጣትና የማስገባት አገልግሎት እንዲሰጡ አስገደደች። ለየቤቱ የሚላከው የአደጋ ጊዜ መመሪያም «በቤታችሁ ጥሬ ገንዘብ ይኑራችሁ» ይላል። ኖርዌይ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ገዢው በጥሬ ገንዘብ የመክፈል መብቱ እንዲጠነክር አድርጋለች። የኒው ዮርክ ከተማም ከ2020 ወዲህ ሱቅና ምግብ ቤት ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም እንዳይል ከልክላለች። ቀድመው የሮጡት ራሳቸው አጥር እያበጁ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእጅ የሚሰጥ ብር ክፍያውን ለመፈጸም ከሰጪና ከተቀባይ ሌላ ሦስተኛ ወገን አይፈልግም። የስልኩ ክፍያ ግን ባትሪ፣ የኔትወርክ ምሰሶ፣ የቴሌኮም ሥርዓትና የባንክ ኮምፒዩተር በአንድ ሰዓት አብረው እንዲሠሩ ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም። በትግራይ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. በኋላ ስልክና ባንክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ሰው በሒሳቡ ያለውን ገንዘብ ማንቀሳቀስ ተስኖት ነበር። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጧል። ይህን የሚያውቅ አገር ጥሬ ገንዘብን ላጥፋ ማለቱ አግባብ አይመስለንም።

ለውጡ በምን ቅደም ተከተል ይሂድ ካሉን መለኪያችን ይህ ነው፦ ክፍያው ለሁለት ሰዓት ቢስተጓጎል ማን ይጎዳል? ደመወዝ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጅምላ ንግድ ለሁለት ሰዓት ቢዘገይ የሚራብ የለም፤ እነዚህ በኤሌክትሮኒክ ብቻ ቢሆኑ ይሻላል። ዳቦ፣ መድኃኒት፣ ታክሲና ጉሊት ላይ ግን ሁለቱም መንገድ ክፍት መሆን አለበት፤ ይህም በነጋዴው ፈቃድ ሳይሆን በሕግ ቢሆን።

ደንበኛ «ከፍያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት አሳየኝና የ18,000 ብር ጨርቅ ጭኖ ሄደ። ማታ ሒሳቤን ሳይ ገንዘቡ አልገባም። ወደፊት እንዴት ልጠንቀቅ?
*የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ከመርካቶ*

ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም፤ ሥዕል ነው። የቆየ እውነተኛ ደረሰኝ ላይ ቀኑንና የብሩን መጠን ቀይሮ እንደ አዲስ ማሳየት ለለመደው ሰው የደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፦ የደንበኛውን ስልክ አይመልከቱ፣ የራስዎን ይመልከቱ።

ሁለተኛው ደንብ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ወደ እርስዎ የሚመጣው አጭር መልእክትም ብቻውን አይበቃም። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚለው ላኪ ነው። አጭበርባሪው ግን ቃሉን ቃል በቃል ገልብጦ ከተራ ስልክ ቁጥር ይልክልዎታል። በግርግር ሰዓት የላኪውን ስም የሚያይ የለም፤ «ደርሶዎታል» የሚለውን ብቻ አይቶ ዕቃ ያስረክባል። መልእክቱን ከፍተው ላኪውን ይዩ፤ ከዚያ ወደ መተግበሪያው ገብተው የግብይት ዝርዝሩ ውስጥ ገንዘቡ መመዝገቡን ያረጋግጡ። ዳታ ከሌለዎት በ*127# ለቴሌብር፣ በ*889# ለንግድ ባንክ ገብተው ቀሪ ሒሳብዎን ይዩ። ለዚህ እንዲረዳዎት ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ የነበረውን ቀሪ ሒሳብ ደብተር ላይ ይጻፉ።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ክፍያ የግብይት ቁጥር አለው። የንግድ ባንኩ በ«ኤፍቲ» ይጀምራል። የመጨረሻዎቹን አራት ፊደላትና አኃዞች ዕቃ በሚያስረክቡበት ደረሰኝ ጀርባ ይጻፉ። ያው ቁጥር ለሁለተኛ ጊዜ ከመጣ አንድ ክፍያ ሁለት ዕቃ ሊያወጣ መሆኑን ያውቃሉ። ይህ ማታለያ በተለይ ሁለት ሠራተኛ በሚሸጥበት ሱቅ የተለመደ ነው፤ አንዱ ያየውን ደረሰኝ ሌላው አላየውም።

ኪውአር ኮድ ለጥፈው ከሆነ በየጠዋቱ በራስዎ ስልክ ያንብቡት። የሚወጣው ስም የእርስዎ ነው? ሌላ ወረቀት በላዩ ለጥፎ ገንዘብዎን ወደ ራሱ ማዞር ለማንም ቀላል ነው። ከኮዱ በታች የሱቁን ስም በትልቁ ጽፈው ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት ስልኩ ላይ ያንኑ ስም እንዲያይ ያድርጉ።

እውነተኛ ደንበኛ ከፍሎ ገንዘቡ የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። በተለይ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ሲላክ ክፍያው ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ስለሚያልፍ ከላኪው ተቀንሶ እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ ሊንጠለጠል ይችላል። በዚህ ጊዜ አቤቱታ የሚያቀርበው ደንበኛው ነው፣ ያውም ለራሱ ባንክ። የእርስዎ ባንክ ያልደረሰውን ገንዘብ መፈለግ አይችልም። እስኪጣራ ዕቃው ይቀመጥለት፣ ስሙም ይጻፍበት። ቅር ቢለውም እውነተኛ ከሆነ ይመለሳል።

ስለ ሄደው 18,000 ብር፦ ስክሪንሾቱን፣ ሰውየው የደወለበትን ቁጥር፣ ዕቃውን የጫነውን መኪና ታርጋ አያጥፉ። ስክሪንሾቱ ላይ የሚታየው የግብይት ቁጥር በእርግጥ ያለ መሆን አለመሆኑን ባንኩ ማጣራት ይችላል። ያንን ማስረጃ ይዘው በዚያው ሳምንት ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ሲቆይ የካሜራ ቅጂዎች ይጠፋሉ።

አንድ ምክር ሳይጠይቁን እንጨምር፦ የሱቁን ሒሳብ ከቤት ሒሳብ ይለዩ። እቁቡም፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም፣ ሽያጩም በአንድ ሒሳብ የሚገባ ከሆነ የጎደለውን ማግኘት አይችሉም፤ ግብር ሲመጣም ከዘመድ የተላከልዎ ብር ሁሉ ሽያጭ መስሎ ይታያል።

7,500 ብር ለወንድሜ ስልክ አንድ ቁጥር ተሳስቼ ለማላውቀው ሰው ሄደ። ባንኩ ለምን መልሶ አይወስድልኝም?
*የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከአዳማ*

ባንኩ ከተቀባዩ ሒሳብ ያለ ፈቃዱ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገንዘብ ማንሳት ስለማይችል ነው። ቢችል ኖሮ ዕቃ ገዝቶ የወሰደ ሰው ሁሉ «ተሳስቼ ነው የላክሁት» እያለ የነጋዴውን ብር ያስመልስ ነበር። በጥሬ ገንዘብ የተሳሳተ ሰው መልሱን እዚያው ይጠይቃል፤ በስልክ የተሳሳተ ግን የማያውቀውን ሰው ይለምናል። ይህ ከስልክ ክፍያ ድክመቶች አንዱ ነው።

አሁን የሚያደርጉት፦ ወዲያውኑ ለቴሌብር ከሆነ 127፣ ለንግድ ባንክ ከሆነ 951 ይደውሉ። የግብይቱን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ ብሩን፣ የላኩበትንና ሊልኩበት ያሰቡትን ቁጥር ይንገሩ። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ አኃዝ ብቻ መለያየታቸው ስሕተት መሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከዚያ መታወቂያ ይዘው ቅርንጫፍ ወይም አገልግሎት ማእከል ሄደው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ያመለከቱበትን ቅጂ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይያዙ። ባንኩ ተቀባዩን ያነጋግራል። ብዙ ሰው ይመልሳል። ፈጣን መሆንዎ የሚጠቅመው ገንዘቡ ገና ሳይወጣ ተቀባዩ እንዲደወልለት ነው።

እምቢ ካለ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል ይናገራል። ለ7,500 ብር ክስ ያዋጣል ወይ የሚለውን እርስዎ ይመዝኑ። ሕጉ ግን ከእርስዎ ጋር ነው፤ ይህንኑ ለተቀባዩ በጨዋ ቃል ማስረዳት ብቻውን ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ለሚቀጥለው፦ «አረጋግጥ» የሚለውን ከመጫንዎ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። ስሙን ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። ብዙ ብር ለአዲስ ቁጥር የሚልኩ ከሆነ መጀመሪያ 10 ብር ልከው መድረሱን በስልክ ይጠይቁ።

የዚህን ተቃራኒ የሚጠይቁም አሉ፤ የማያውቁት ሰው ደውሎ «በስሕተት 3,000 ብር ልኬልዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» ቢልስ? በደወለው ሰው አደራ በራስዎ እጅ አይላኩ። አንደኛ ገንዘቡ ላይገባ ይችላል፤ የመጣው መልእክት ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ ገብቶም ከሆነ ሰውየው በአንድ በኩል ከእርስዎ ይቀበልና በሌላ በኩል ለባንኩ ያመለክታል፤ ሁለት ጊዜ ከፋይ ይሆናሉ። «ለባንክዎ ያመልክቱ፣ ባንኩ ሲጠይቀኝ እፈቅዳለሁ» ይበሉ፣ ብሩንም አይንኩት።

እናቴ ደሴ አቅራቢያ ገጠር ነው የምትኖረው፤ ስማርት ስልክ የላትም፣ ማንበብም አትችልም። የምልክላትን ብር የጎረቤት ልጅ ነው የሚያወጣላት። ሥጋት አለኝ።
*አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት*

ሥጋትዎ ልክ ነው። የሚስጥር ቁጥሯን ለሌላ ሰው የሰጠች እናት ቦርሳዋን ከነቁልፉ እንደ ሰጠች ናት።

ስማርት ስልክ አያስፈልጋትም፤ ተራው ባለ ቁልፍ ስልክ በ*127# ወይም በ*889# ይሠራል፣ ዳታም አይጠይቅም። ማንበብ ባትችልም አኃዝ የምትለይ ከሆነ ቅደም ተከተሉን በቃል መያዝ ትችላለች፤ ገንዘብ ማውጣት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚሄድ የቁጥር ተራ ነው። በሚቀጥለው ስትሄዱ ወይም ዘመድ ሲሄድ አብሯት ተቀምጦ አሥር ጊዜ ያለማምዳት፤ ቀሪ ሒሳብ ከማየት ይጀምር፣ በዚያ ብር አይጠፋም። ምናሌው ሲቀየር ተራው ሊዛባ ስለሚችል በየጊዜው መጠየቅ አለባችሁ። የትውልድ ዓመት፣ 1234፣ ወይም የስልኩ የመጨረሻ ቁጥሮች ሚስጥር ቁጥር አይሁኑ።

ማውጣቱ ካስቸገራት ደግሞ ሁለት ነገር ይለዩ። ጎረቤቱ ስልኩን ይዞላት ከእሷ ጋር ብር ወደሚከፍለው ወኪል መሄድ ይችላል፤ ሚስጥር ቁጥሩን ግን የምትጫነው እሷው ትሁን። እርስዎም ብር በላኩ ቁጥር ስንት እንደ ላኩ በድምፅ ለእሷ ይንገሯት፣ ለልጁ አይደለም። መልእክቱን ማንበብ የማትችል ሰው መጠኑን ካላወቀች ስንት እንደ ጎደለባት አታውቅም።

ሌላው የገጠር ችግር ወኪሉ «ብር የለኝም» ማለቱ ነው። ይህ ክፋት አይደለም። ወኪል የሚሰጠው ከራሱ መሳቢያ ነው፤ ብዙ ሰው ካወጣ መሳቢያው ይደርቃል። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጋዴዎች የሸጡበትን ብር ወደ ስልክ ስለሚያስገቡ የወኪሉ እጅ ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ይሞላል። ትልቅ ብር ከሆነ ያን ሰዓት ትምረጥ።

«ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል» ለሚል ደዋይ መልሷ አንድ ብቻ ይሁን፦ ስልኩን መዝጋት። በመልእክት የመጣ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ሌባ ነው ብላ ትያዘው።

ወጥ ቤታችንን ለማደስ ከሠሪው ጋር በ20,000 ሰቅል ተስማማን። በካሽ ብከፍለው ቅናሽ አደርግልሃለሁ ይለኛል። ችግር አለው?
*አንባቢ፣ ከነታንያ*

አለው። እስራኤል ውስጥ የጥሬ ገንዘብ አጠቃቀምን የሚቀንስ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል፤ ከኦገስት 2022 ወዲህ ደግሞ ጣሪያው ወርዷል። ከነጋዴ ወይም ከሥራ ተቋራጭ ጋር የሚደረግ ውል ዋጋው ከ6,000 ሰቅል ከበለጠ በጥሬ ገንዘብ መክፈል የሚፈቀደው የዋጋው 10 በመቶ ወይም 6,000 ሰቅል ነው፣ ከሁለቱ ያነሰው። በእርስዎ ሁኔታ 10 በመቶው 2,000 ሰቅል ነው። ብዙ ሰው «እስከ 6,000 ይፈቀዳል» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሁለት ግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ተራ ሽያጭ መነሻው 15,000 ሰቅል ነው።

በአራት ቀን አምስት አምስት ሺህ እያደረጉ መክፈልም አያዋጣም፤ የሚታየው የውሉ ጠቅላላ ዋጋ እንጂ የእያንዳንዱ ቀን ክፍያ አይደለም። ሆን ብሎ መከፋፈል ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ቅጣቱ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ከፋዩንም ሊነካ ይችላል። በተጨማሪ ቅናሹ የሚመጣው ደረሰኝ ባለመቆረጡ ከሆነ፣ ከሦስት ወር በኋላ ቧንቧው ሲያፈስ ውል መኖሩን የሚያሳይ ወረቀት አይኖርዎትም። በባንክ ዝውውር ወይም በቼክ ከፍለው ደረሰኝ ይውሰዱ።

አውሮፓ ያሉ አንባቢዎችም ይህን ይያዙ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከጁላይ 10 ቀን 2027 ጀምሮ በንግድ ሥራ ላይ ከ10,000 ዩሮ በላይ በጥሬ ገንዘብ መክፈል አይፈቀድም፤ አገሮች ከዚህ ያነሰ ጣሪያ ማበጀት ይችላሉ። ለትልቅ ግብይት ጣሪያ ማበጀትን እኛም እንደግፋለን። ዳቦ ገዢን የማይነካ፣ ቤትና መኪና ገዢን የሚነካ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ዳታም መብራትም የሚቋረጥበት ከተማ ነው የምሠራው። መድኃኒት ቤቴ እንዳይቆም ምን ላዘጋጅ? ቤትስ ስንት ብር ልያዝ?
*ፋርማሲስት፣ ከደብረ ማርቆስ*

መጀመሪያ የተበላሸው ምን እንደሆነ መለየት ይልመዱ፤ መፍትሔው በዚያ ይወሰናል።

ዳታ ብቻ ከጠፋ መተግበሪያው ይሞታል፣ የኮከብና የመሰላል ኮዱ (እንደ *127# ያለው) ግን ይሠራል። የሚሄደው በኢንተርኔት ሳይሆን በራሱ በስልኩ የኔትወርክ መስመር ስለሆነ ነው። ድክመቱ፣ ሲዘገይ መሃል ላይ መቋረጡ ነው። ሚስጥር ቁጥር ከተጫነ በኋላ ከተቋረጠ ክፍያው ሄዶም ሊሆን ይችላል። ደንበኛው እንደገና እንዳይከፍል ያስቁሙት፤ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ቀሪ ሒሳቡን ይይ። እጥፍ ክፍያ የሚበዛው በዚህች ቅጽበት ነው።

ኔትወርኩ ራሱ ከጠፋ በስልክ የሚደረግ ነገር የለም፣ ብር ብቻ ነው። ሁለት ሲም፣ አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱ ሳፋሪኮም፣ መያዝ የሚረዳው የአንዱ ምሰሶ ሲበላሽ ነው፤ በአካባቢው ሁለቱም ከተዘጉ አይረዳም።

ሦስተኛው የባንኩ ሥርዓት ሲቆም ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር በአንድ ሌሊት ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ አወጡ፤ ባንኩ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ መውጣቱን ሲያስታውቅ አገልግሎቱም ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ኔትወርኩ ደህና ነበር። ስለዚህ ሙሉ ገንዘብዎን በአንድ ባንክ አያኑሩ፤ በሁለት ባንክና በአንድ የስልክ ሒሳብ ያከፋፍሉት። ነዳጅ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ከግንቦት ጀምሮ በመላ አገሪቱ በኤሌክትሮኒክ መከፈል ስለ ጀመረ፣ ጄኔሬተር ያለው ሰው የነዳጅ መግዣውን በስልክ ሒሳቡ አስቀድሞ ማስገባት አለበት፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ወደዚያ የሚያስገባበት መንገድ አይኖርም።

ብር መያዝ ብቻም አይበቃም። በጁላይ 2021 ስዊድን ውስጥ ኮፕ የተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት 800 ገደማ ሱቆቹን ዘግቶ ነበር፤ በሶፍትዌር አቅራቢ ላይ በተፈጸመ የመረጃ ጥቃት የሒሳብ መቀበያ ማሽኖቹ ስለ ቆሙ ነው። ገዢው ብር ቢይዝም የሚቀበል ማሽን አልነበረም። በኤፕሪል መጨረሻ 2025 (እ.ኤ.አ.) ስፔንና ፖርቱጋል መብራት ሲጠፋ ግን በእጅ ደረሰኝ ጽፎ፣ በእጅ ደምሮ ጥሬ ገንዘብ የተቀበለ ትንሽ ሱቅ ሥራውን ቀጠለ። ስለዚህ የመድኃኒት ዋጋ ዝርዝርዎን በየወሩ በወረቀት አትመው በመሳቢያ ያኑሩ፤ የታተመ ደረሰኝ ጥራዝና በፀሐይ የሚሠራ ሒሳብ ማሽንም አይጥፋ። ግብሩ እንዳይጣረስ መስመር ሲመለስ በእጅ የቆረጡትን ወደ ማሽኑ ያስገቡ።

ለመሳቢያ ዝርዝር ለአንድ ቀን 2,000 ብር እንዲህ ቢከፋፈል ይመቻል፦ 50 ባለ አስር፣ 14 ባለ ሃምሳ፣ 8 ባለ መቶ። ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት ብቻ የያዘ መሳቢያ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደንበኞች ይቸገራል።

ለቤት ደግሞ የአንድ ሳምንት አስፈላጊ ወጪ ይበቃል፦ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ የታማሚ መድኃኒት። የቀኑን ወጪ በሰባት ያባዙ፤ ለምሳሌ በቀን 600 ብር የሚያወጣ ቤት 4,200 ብር ይይዛል፣ ግማሹን በ50 እና በ100። ከዚያ በላይ ቤት ውስጥ ማኖር ሌባና እሳት መጋበዝ ነው፤ ዋጋ ሲጨምርም የተቀመጠው ብር ይኮማተራል።

እቁባችንን በስልክ ማድረግ እንችላለን?
*የእቁብ ጸሐፊ፣ ከሐዋሳ*

ትችላላችሁ፤ በሊቀ መንበሩ የግል ሒሳብ ግን አይሁን። ሊቀ መንበሩ ቢሞት ወይም በግል ዕዳው ሒሳቡ ቢታገድ የሁላችሁም ብር አብሮ ይታሰራል። ሁለት ወይም ሦስት ፈራሚ ያለው የጋራ ሒሳብ በባንክ ይከፈት፣ አባላት ወደዚያ ያስገቡ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ስማቸውንና የዙሩን ቁጥር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «አበበች 14»። ያለዚያ አሥራ አምስት ሰው እኩል 1,000 ብር ሲያስገባ ማን እንደ ቀረ ለማወቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዕጣ ከመውጣቱ ከአንድ ቀን በፊት መክፈያው ይዘጋ፤ የዘገየ ዝውውር ሁሉ በዚያች ቀን ይጣራል። በስልክ መክፈል የማይችሉ አባላት ካሉ ጸሐፊው ጥሬ ገንዘቡን ተቀብሎ በዚያው ቀን በስማቸው ያስገባላቸው፤ የደረሰኙንም ቁጥር በመዝገቡ ይጻፍላቸው።